በርበሬው ሰማያዊ የሆነ ጊዜ

ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሁለት ዙር ብቻ። ፊደሌ ቢወላገድ ያነበበኝ ይቅር ይበለኝ። ልጄ «እማዬ፣ ስታወሪው ነው የሚያምረው፤ እንዳወራሽው ጻፊው» ስላለችኝ እንደማወራው አድርጌ እጽፋለሁ። የምጽፈው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከገጠር የመጣውን ሰው ሁሉ ሊያባርር የተነሣበትን፣ እኔም የወለድኳትን ልጅ ፊቷ ቆሜ የካድኩበትን ጊዜ ነው።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ በርበሬ ቀንጣሽ ነበርኩ። ከማረቆና ከአላባ በጭነት መኪና የሚመጣውን ዛላ በርበሬ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ብለን ጭራውን ቀጭ እናደርጋለን፣ የነጣውን እንለያለን፣ ፍሬውን እናበጥራለን። አሥር አሥራ አምስት ሴት ግድግዳ ተደግፈን በተርታ እንቀመጣለን። አንዷ ስታስነጥስ ሁላችንም እናስነጥሳለን። «ይማርሽ» መባባል እኛ ዘንድ የለም፤ እሱን ስንል ሥራ መሥራት አንችልም ነበር። ዐይን አይነካም። ማልቀስ ያማራት ሴት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው የምታለቅሰው። አሠሪያችን ሐጂ የምንላቸው በርበሬ በጅምላ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲቆጡም ሲስቁም ድምፃቸው አንድ ነው።

መርካቶ የገባሁት ልጄን አዝዬ ነው። አባቷ ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ። በእኛ አገር ልማድ የሟችን ሚስት ወንድም ይወርሳታል፤ የባሌ ወንድም ሊወርሰኝ ቀን ቆረጠ። እኔ አልፈለግሁትም። የስምንት ወር ልጅ አዝዬ ወልቂጤ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ከዚያ እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ አዲስ አበባ ገባሁ። እዚህ መታወቂያ ለማውጣት ከመጡበት አገር መሸኛ የሚሉት ደብዳቤ ማምጣት ግድ ነው። መሸኛውን የሚፈርመው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ያ የባሌ ወንድም ነው። እሱ ፊት ቆሜ ደብዳቤ ከምለምን ያለ መታወቂያ ልኑር አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

ያስጠጉኝ እትዬ የምላቸው የሰፈሩ ሴትዮ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበራቸው፤ አንዱን ለእኔና ለልጄ ለቀቁልን። ያን ጊዜ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በቤተሰብ ቁጥር ነው የሚታደለው። እትዬ ልጄን ታቅፈው ቀበሌ ሄዱና በቤተሰብ ቅጻቸው ላይ «ልጄ ናት» ብለው አስመዘገቧት።

ጸሐፊው «ባለቤትዎ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸው የለም እንዴ?» ይላቸዋል።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው? ከሌላ ወለድኳ! የአባቷንም ስም ልንገርህ?» አሉና የልጄን የእውነተኛ አባቷን ስም ነገሩት። ጸሐፊው አፍሮ፣ አቀርቅሮ ጻፈ።

እትዬ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ነገሩ ግን የስኳር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ልጄ የተከተበችው በእሳቸው ልጅነት ነው፤ ትምህርት ቤት የገባችው በእሳቸው ልጅነት ነው። እኔ ወረቀት ላይ የለሁም። የቀበሌ ሰው ደጃፍ ሲመጣ እትዬን «እማዬ»፣ እኔን «አክስቴ» እንድትል አለማመድናት። ሕፃን ሆና ጨዋታ ይመስላት ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ እያጨበጨበች ትስቅ ነበር። አድጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ግን አትስቅም ነበር።

ሊቀመንበሩን መጥፎ ሰው ነበር አልልም። የሰፈሩ ተወላጅ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ ሁልጊዜ የተቆለፈ፣ ለለቅሶ የማይቀር ሰው። በዚያ ሰሞን ሌብነት በዝቶ ነበር፤ ሁለት ሱቅ ተሰብሯል፣ አንዲት ሴትዮ ጆሮዋ ተቦጭቆ ወርቋ ሄዷል። ነጋዴው ሁሉ «ምን እየሠራህ ነው?» እያለ አፋጠጠው። እሱም አንድ ቀን ጠዋት ፒካፕ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ወጣ።

«ቀበሌያችን የሌባና የወሮበላ መደበቂያ ሆኗል! ይህ የመጣው ከየገጠሩ በሚጎርፈው ፀጉረ ልውጥ ነው! መታወቂያ የሌለው ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ወደመጣበት ይመለሳል! ያስጠጋ፣ ያከራየ፣ የደበቀ የቀበሌ ቤቱን ይነጠቃል!»

በርበሬ በረንዳ ሲደርስ መኪናው ቆመ፤ ሁለት ጊዜ ደገመው። እኛ ቀንጣሾቹ እጃችን ዛላው ላይ ቀረ።

አጠገቤ የምትቀመጠው «ፀጉረ ልውጥ ያለው እኛን ነው እንዴ?» አለች።

«ታዲያ ማንን ይሆን? ሻሽሽን አውልቂና ፀጉርሽን እንየው!» አለቻት ሌላዋ።

«የኔስ ፀጉር ድሮ አልቋል፤ እኔን አይመለከተኝም» አለች ከሁላችንም የምታንሰዋ፣ ለጋ ልጅ። ተሳቀ። እኔም የሳቅሁ መስዬ ጥርሴን አሳየሁ። 

በሳምንቱ በሰማያዊ ጣቃ ላይ በነጭ ቀለም «ከፀጉረ ልውጥ የጸዳ አርአያ ቀበሌ» የሚል አስጽፎ መንገዱ ላይ ከፖል ፖል አሰረው። አርአያ ቀበሌ ከተባለ ከበላይ ሽልማት አለ ይባል ነበር።

ቆጠራው እኛ ቤት የደረሰው እሑድ ከሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ ከሁለት የኮሚቴ አባሎች ጋር ገባ። እትዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ናቸው፣ ልጄ መስኮቱ ሥር ደብተር ይዛለች፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ።

«ይቺ ልጅ?» አለ።

«ልጄ ናት፤ ቅጹ ላይ አለች» አሉ እትዬ።

«ይቺ ሴትዮስ?»

እትዬ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። ቤታቸው ይነጠቃል ብዬ ፈርቼ ነው። «እኔ ልብስ አጥቤ ልሄድ የመጣሁ ነኝ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ የዋዛ አይደለም። ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነጠላዬን፣ አልጋ ሥር ያለ ጫማዬን አየ። «መታወቂያ?» አለ። የለኝም አልኩት። «አሥራ አምስት ቀን አለሽ። ልጅ ካለሽ ልጅሽም አብራሽ ትሄዳለች፤ ልጅ ጥሎ መሄድ አይቻልም። ልጅ አለሽ?»

እግዜር ያሳያችሁ። ልጄ ሦስት ክንድ ርቃ ቆማለች። አለችኝ ብል ያ ሁሉ ቅጽ ውሸት ሆኖ ይገኛል፤ እትዬ ቤታቸውን ያጣሉ፣ ልጄ ከኔ ጋር መኪና ላይ ተጭና በዚያ በሸሸሁት ሰው ፊት ትቆማለች።

«ልጅ የለኝም» አልኩ።

ጻፈው። አንዱ የኮሚቴ አባል ጮክ ብሎ ደግሞ አነበበው፤ «መታወቂያ የሌላት፣ ልጅ የሌላት።» ወጡ።

እትዬ ደረታቸውን ይዘው «ኧረ በስመ አብ» ይላሉ። ልጄ አላለቀሰችም። ደብተሯን ከፍታ ተቀመጠች፤ ገጹን ግን አልገለጠችውም። ያን ቀን አላናገረችኝም፤ በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ፀጉሬን እየሠራችልኝ ከኋላዬ ሆና «አውቃለሁ ለምን እንዳልሽ» አለችኝ። «ግን ድምፅሽ ትንሽ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።»  እኔም ራሴን የጠላሁት በዚያ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ስለማመደው አፌ ለመደው።

ከዚያ ወዲያ ቀን መቁጠር ሆነ ሥራዬ። ሥራ ስሄድ ሰው ከኋላዬ ሲራመድ ይመስለኛል። ባለ ኮት ሰው ሳይ ዞሬ ሱቅ ውስጥ እገባና ያልፈለግሁትን ክር ምናምን እጠይቃለሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም። አንዷ ቀንጣሽ «ሌላ ቀበሌ ግቢ» ትለኛለች፤ ሌላዋ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ይረሳዋል» ትለኛለች። የሚረሳ ሰው እንዳልሆነ ዐይኑን አይቻለሁ።

በዚህ መካከል ነው የሰፈሩ ስም መበላሸት የጀመረው። መጀመሪያ የሄዱት ጫኝና አውራጆቹ ናቸው። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ አሥርም አሥራ ሁለትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አከራዮቹ ቤታችንን እንነጠቃለን ብለው አስወጧቸው። እነሱም ወደ አገራቸው አልሄዱም፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ተሻግረው እዚያ ሥራ ያዙ። ሾፌሮቹም «አውራጅ የሌለበት ምን እናቆማለን?» እያሉ መኪናቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

ቀጥሎ ገዢው ሄደ። ከየዳር ሰፈሩ እየመጡ በርበሬ ወስደው የሚቸረችሩ ሴቶች ነበሩን። አንዷ የድሮ ደንበኛችን ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ በሁለት እጇ አንቃ ይዛ መጣች።

ሐጂ «ምነው ልጄ፣ ዛሬስ ቦርሳሽ ታመመ እንዴ?» አሏት።

«ሌባ ሞልቷል ሲባል ሰምቼ ነው፣ ሐጂ።»

«ማን አለ?»

«የራሳችሁ ሊቀመንበር ነዋ! በማይክ! እኔማ ጎረቤቶቼን ሁሉ አትሂዱ አልኳቸው።»

 ከዚያ ወዲህ «የት ነው ሱቅህ?» የተባለ ነጋዴ የሌላ ተራ ስም መጥራት ጀመረ። አንዱ ባለሱቅ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ልኮ የልጅቷ አባት «ከአባራሪዎቹ ሰፈር ነው የመጣችሁት? እኛም እኮ ከገጠር የመጣን ነን፤ ልጃችንን መቼ ነው የምታባርሯት?» ብሎ በሽማግሌዎቹ አሹፎባቸዋል ተባለ። ሰፈራችን ሁለት ስም ወጣለት፤ አንዱ የሌባ ሰፈር፣ አንዱ የአባራሪ ሰፈር። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ድምፅ ማጉያ ነው።

በአሥረኛው ቀን ዝናብ መጣ። የካቲት ነበር፤ ማንም አልጠበቀውም። ሐጂና ሌሎች ሦስት ነጋዴዎች እንደምንም ለምነው ያስመጡት አንድ ሙሉ መኪና በርበሬ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ሸራው የተቀዳደደ ነው። በርበሬ ውሃ ከነካው ይሻግታል፤ አለቀለት ማለት ነው። የሚያወርድ ሰው የለም። ሐጂ ኮታቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡና ጀርባቸውን ሰጡ። ሆዳቸው ትልቅ ነው፤ ማዳበሪያው ከላይ ሲጫንባቸው ከፊትም ከኋላም የተሸከሙ ይመስላሉ።

ሾፌሩ ከላይ ሆኖ እየሳቀ «ሐጂ! መታወቂያ ይዘዋል? ያለ መታወቂያ መሸከም ክልክል ነው ብለዋል እኮ!» አላቸው።

«አንተ ዝም ብለህ አውርድ! ዛሬ እኔም ፀጉረ ልውጥ ነኝ!»

ባለ ሱቁም፣ የሱቁ ልጅም፣ እኛ ሴቶቹም ገባንበት። እኔም ከአንዷ ጋር ለሁለት ጎትቻለሁ። ግን አንደርስበትም፤ ግማሹ ገና መኪናው ላይ ነው፣ ዝናቡ ጨመረ። የሚሸፍን ነገር ቢፈለግ ላስቲክ የለም። አንዱ ጎረምሳ ነጋዴ ቀና ሲል የሊቀመንበሩን ሰማያዊ ጨርቅ አየ። ፖሉ ላይ ወጥቶ ፈታው። አራት ሰው ይዞ መኪናው ላይ ዘረጋው።

ጨርቁ ርካሽ ነበር መሰለኝ፤ ቀለሙን ለቀቀ። ዝናቡ አባርቶ ሲገልጡት የላይኛው ማዳበሪያ ሁሉ፣ ውስጡ ያለው ዛላ ሳይቀር፣ ሰማያዊ ሆኗል። ደማቅ አይደለም፤ የበለዘ ገላ የመሰለ፣ ቀይና ሰማያዊ የተደባለቀበት፣ ዐይን የሚያስጠላ። ሐጂ አንዱን ዛላ አንስተው አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ እንድናሰጣው ታዘዝን። አስፋልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋነው። መኪና ስለማይመጣ መንገዱ ባዶ ነው። ያንኑ ጠዋት ከበላይ፣ ከዞኑ ጽሕፈት ቤት፣ ሦስት ሰዎች አርአያ ቀበሌውን ሊጎበኙ መጡ። ሊቀመንበሩ ክራቫት አሥሯል፤ ከፊት ከፊት እየሄደ ያሳያል። የሚታይ ግን ግማሹ የተዘጋ ሱቅ፣ ሥራ ፈትቶ በር ላይ የቆመ ነጋዴ፣ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ አገላብጥ ነበር፤ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩት፣ እንዳያየኝ።

ከእንግዶቹ ትልቁ አጎነበሰና ዛላ አነሣ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«በርበሬ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ሐጂ።

«ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

«ከፀጉረ ልውጥ ጸድቶ ነው።»

ቀንጣሾቹ በአንድ ላይ አስነጠሱ ልበል ሳቁ፣ እኔ እንጃ፤ ሁሉም ፊቱን በነጠላ ሸፈነ። ሊቀመንበሩ አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። እንግዳው ግን አልሳቀም። ባዶውን መንገድ ግራና ቀኝ አየና «ገበያው የት ገባ?» አለ።  ከሰዓት ላይ መርካቶ ሙሉ ወሬው ደርሷል። አትክልት ተራ ካሮት የሚሸጡ ሴቶች ሳይቀሩ «ሰማያዊው በርበሬ ስንት ነው?» እያሉ ይጠይቁን ጀመር።

ስብሰባ የተጠራው ቀኔ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አዳራሽ የሚገባው መታወቂያ ያለው ስለሆነ እኛ ውጪ መስኮቱ ሥር ቆምን። ያ ዛላውን ያነሣው የዞኑ ሰውዬም ተቀምጧል። ነጋዴው ሁሉ በአንዴ ይጮሃል፤ መጨረሻ ላይ ሐጂ ተነሡ።

«እኔ ሌባ አልወድም» አሉ። «ሌባ ያዝልኝ፣ እጅህን እስማለሁ። አንተ ግን የኔን ሌባ ልትይዝ ብለህ የኔን ሰፈር በማይክ ሌባ አልከው። ሰው ደግሞ አመነህ። ሊቀመንበር ነሃ፣ ለምን አያምንህ? አምኖህ ገበያውን ይዞ ሄደ።»

«እኔ ሕግ ነው ያስከበርኩት፣ ሐጂ።»

«አስከብር። እስቲ ግን ንገረኝ፤ ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ፀጉሩ መቼ ነው እኛን የሚመስለው? ቀን ቁረጥልን።»

 ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። ይቅርታ አላለም፤ እንዲያ የሚል ሰው አይደለም። ከዞኑ ሰውዬ ጋር በጆሮ ተነጋገሩና ተነሣ። ረጅም ጊዜ የኖረ፣ ሦስት ባለ መታወቂያ ነዋሪ ቀርቦ የሚመሰክርለት፣ ከእድርም ቃል የሚሰጥለት ሰው ያለ መሸኛ ይመዘገባል አለ። ማስጠጋቱም ቤት አያስነጥቅም አለ። «ይህ ግን መፍረድ እንጂ መሸነፍ አይደለም» ብሎ ጨመረበት። ይጨምር! ከመስኮቱ ሥር አንዷ ሴት እልል ልትል ስትል አፏን ያዝናት።

ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ወጥመድ ነው አልኩ። በእግራችን ሄደን ስማችንን ካስጻፍን በኋላ መኪና ያመጣሉ። ደግሞስ ልሂድ ቢባል ምን ብዬ? ያ ሰውዬ በራሱ እጅ ልጅ የላትም ብሎ ጽፎኛል። እውነቱን ካልተናገርኩ ተመዝግቤም እዚያው ነኝ፤ ልጄ የሌላ ሴት ልጅ ናት። ከተናገርኩ እትዬ ይጠየቃሉ።

ለእትዬ ነገርኳቸው። «የፈለገው ይምጣ» አሉ። «እኔ ለሁለት ኪሎ ስኳር የዋሸሁትን አንቺ አሥራ ስምንት ዓመት ተሸከምሽው። ተነሺ!» ልጄም ነጠላዬን ከሚስማሩ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለች።

ምስክሮቼ እትዬ፣ ሐጂና የእድራችን ዳኛ ናቸው። ዳኛው ስሜን አያውቁም ነበር። ጸሐፊዋ «ያውቋታል?» ስትላቸው «ስሟን ዛሬ ነው የሰማሁት» አሉ፤ «ሽንኩርቷን ግን አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ሁሉ ሽንኩርት የምትልጥ እሷ ናት፤ ሌላው ሲሸሽ እሷ ቁጭ ብላ ትጨርሰዋለች። በርበሬ የለመደች ሴት ሽንኩርት ምን ያደርጋታል?»

ይሄኔ ሊቀመንበሩ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። አየኝ። አልረሳም።

«አንቺ ልጅ የለኝም ያልሽው አይደለሽም?» አለ።

የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ያዝኩ። ልጄ በር ላይ ቆማለች፤ ዞሬ አላየኋትም፤ ካየኋት እንደማልችል አውቄያለሁ። «ዋሽቻለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ። «አለችኝ። ያቺ በር ላይ ያለችው ናት። እኔ ነኝ የወለድኳት። አዝያት ነው የመጣሁት።»

«ቅጹ ላይ የማን ናት?»

እትዬ ወደ ፊት ገቡ። «የኔ ናት። እኔም ዋሽቻለሁ። ለስኳር ነው።»

«ለምኑ?»

«ለስኳር! ያን ጊዜ በነፍስ ወከፍ አልነበር የምትሰጡን? ነፍስ ጨመርኩ።»

ሐጂ ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ለቀቁት። ጸሐፊዋ ደብተሩ ውስጥ ተደበቀች። ሊቀመንበሩ እትዬን አየ፣ እኔን አየ፣ በር ላይ ያለችውን ልጄን አየ። እኔ በዚያች ደቂቃ የእህል ጫኙን መኪና፣ የባሌን ወንድም፣ በእትዬ ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የመነጠቂያ ወረቀት ሁሉ አይቻለሁ።

«ያ ያለፈው መንግሥት ስኳር ነው» አለ። «እኔ አልጠይቅበትም። አስተካክዪው» አላት ጸሐፊዋን፣ ተመልሶ ገባ፣ በሩን ዘጋ።

ጸሐፊዋ የቤተሰብ ቅጹን አወጣች። እናት የሚለው ላይ የእትዬን ስም በማስመሪያ ልትሠርዝ ስትል እትዬ እጇን ያዙት። «ቆይ፣ ቆይ። ቀስ ብለሽ።» ዐይናቸው ሞልቷል። «አሥራ ስምንት ዓመት እኮ ወልጃታለሁ። ሁለታችንንም ብትጽፊን ምን አለ?»

«እናት የሚለው ላይ የአንድ ሰው ቦታ ነው ያለው፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ከጎኑ ጻፊው። ዳር ላይ። ባዶ ነው አይደል?»

ጸሐፊዋ ወደ ተዘጋው በር አየች፣ ወደ እኛ አየች፣ ከዳር በጣም ትንሽ በሆነ ፊደል «አሳዳጊ» ብላ የእትዬን ስም ጻፈች። እናት የሚለው ላይ የኔን። ልጄ መጥታ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበችው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ከዚያ እጄን ያዘችው። የበርበሬ እጅ ነው፣ ያቃጥላል፤ አልለቀቀችውም።

ጫኝና አውራጆቹ በአንድ ቀን አልተመለሱም። አንዳንዶቹ ማዶ ለምደው ቀሩ። የሰማያዊ በርበሬ ሰፈር መባሉም ዓመት ሙሉ አልለቀቀንም፤ ሊቀመንበሩም ለሌላ ስብሰባ በሄደ ቁጥር እየተጠየቀ ይናደድ ነበር ይባላል። ሌባውን በኋላ ያዙት፤ እሱ ራሱ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ይህን ሁሉ አላሰብኩም።

ከቀበሌ ስንመለስ ገና ስድስት ሰዓት ነው። እትዬ ደጃፍ ላይ ለጎረቤት ይተርካሉ፤ ስኳሩን ወደ አምስት ኪሎ አሳድገውታል። እኔ ጫማዬን አውልቄ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። በቀን መተኛት አላውቅም፤ ታምሜም ተኝቼ አላውቅም። ልጄ ገብታ አየችኝና ደነገጠች።

«አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ደከመኝ።»

«በሩን ልዝጋልሽ?»

ውጪ የሰው ኮቴ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ራሴን ቀና አላደረግሁም። «ተዪው፣ ይከፈት፤ ነፋስ ይግባ» አልኳት፤ ወደ ግድግዳው ዞርኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።